የእርጥብ ጆንያ ሽታ

የልጄ እጅ ወገቤ ላይ ሲላላ ያፈረችኝ መስሎኝ ነበር።

ከጅቡቲው ናጋድ ባቡር ጣቢያ ተነስተን ጥቂት ርቀናል። ረድኤትን ብስክሌቴ የኋላ መጫኛ ላይ አስቀምጬ፣ እንዳይቆረቁራት ነጠላዬን አጥፌ ከሥሯ አንጥፌላት፣ «ወገቤን ያዢ፣ አጥብቀሽ» ብያት ነበር። ያዘችኝ። አያያዟ ግን የእንግዳ ነው፤ በጣቶቿ ጫፍ፣ ቀሚሴን ብቻ። ይሁን አልኩ። ስንት ዓመት በስልክ ብቻ የምታውቀኝ ልጅ ምን ታድርግ። «እማዬ» የምትለው ቁልቢ ያለችውን፣ ያሳደገቻትን እህቴን ነው። እኔን «እማዬ ጅቡቲ» ነው የምትለኝ፣ እንደ ስምና የአባት ስም አድርጋ። ስለዚህ እጇ ሲላላ «ቀስ በቀስ ትለምደኛለች» እያልኩ መርገጤን ቀጠልኩ።

ከዚያ ጭንቅላቷ ጀርባዬ ላይ ወደቀ። ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ። ልጄ ተደገፈችኝ አልኩ።

«ደከመሽ የኔ እናት?» አልኳት ሳልዞር።

«ጎመኑን ማን ውሃ አጠጣው?» አለች።

«የምን ጎመን?»

«በጓሮ ያለውን። ደርቋል እኮ።»

ድምጿ ከእንቅልፍ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል። ብስክሌቱን አቆምኩና በአንድ እጄ መሪውን እንደያዝኩ ሌላውን ወደ ኋላ ልኬ አንገቷን ነካሁት። ደረቅ ነው። ፀሐይ ላይ እንደዋለ ድንጋይ ይፋጃል፣ አንዲት ጠብታ ላብ የለበትም። እኔ ከአናቴ እስከ ተረከዜ ተነክሬያለሁ፣ እሷ ደርቃለች።

ያኔ ነው አደጋው የገባኝ። ይህን ያስተማረኝ ሐኪም አይደለም፤ እኔ የተማርኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው። አንገት መንካትን ያስተማረኝ አባባ ተካ ነው፣ በእሷ ዕድሜ ሳለሁ፣ በዚሁ ከተማ፣ በዚሁ ሐምሌ።

የረድኤት ባቡር ዘግይቶ በቀትር ገባ። ጅቡቲ የኖረ ያን ሰዓት ያውቀዋል። ጫቱ ከአገር ቤት ደርሶ ተከፋፍሎ፣ ወንዱ ሁሉ ጥላ ፈልጎ ጋደም ያለበት፣ ሱቁ የተዘጋበት፣ ውሻው ሳይቀር መኪና ሥር የገባበት ሰዓት ነው። በር ላይ የነበሩት ጥቂት ታክሲዎች የቀደሙንን ጭነው ሄዱ። መጠበቅ ይቻል ነበር። እኔ ግን ልጄን በብስክሌት ለመቀበል ነው ስዘጋጅ የከረምኩት። ጎማውን አስነፍቻለሁ፣ ካቴናውን ዘይት አስቀብቻለሁ፣ መጫኛውን በአዲስ ገመድ አጥብቄዋለሁ። እኔም በልጅነቴ ወደዚህ ከተማ የገባሁት በብስክሌት ነበርና፣ ለእኔ መግባት ማለት እንደዚያ ነው።

አገር ቤት ደግሞ ክረምት ነው። ቁልቢ ጭጋግ ነው። ልጅቷ ከጭጋግ ወጥታ ከምሲን ውስጥ ገባች። ከምሲን የምንለው ከበረሃው የሚነሳውን የሐምሌ ነፋስ ነው፤ ፊትህን ሲመታህ የዳቦ ቤት ምድጃ በር የተከፈተብህ ያህል ነው።

ወደ ኋላ ጣቢያው ርቋል፤ ወደ ፊት ከተማው አይታይም። በመንገዱ ዳር ግን ወደብ ለመግባት ተራ የሚጠብቁ የእኛ አገር ከባድ መኪኖች ተሰልፈዋል። ልጄን አቅፌ፣ ብስክሌቱን መሬት ጥዬ ወደ መጀመሪያው መኪና ሮጥኩ። ከተሳቢው ሥር አንድ ሾፌር ሰሌን ላይ ተጋድሟል።

«ወንድሜ፣ ውሃ። ልጄን።» ከዚህ ሌላ ቃል አልወጣኝም።

ብድግ ሲል ራሱን ከብረቱ ጋር አጋጨ፣ ግን ዞር ብሎም አላየው። «ነይ፣ ነይ ወደ ውስጥ። እዚህ አስተኛት።» ከጎማው ጀርባ አንድ ጀሪካን ጎትቶ አወጣ። ሾፌሮች ውሃቸውን የሚያቀዘቅዙት እንዲህ ነው፤ ጀሪካኑን በጆንያ ይጠቀልሉና ጆንያውን ያረጥቡታል፣ ነፋስ ሲያገኘው ውስጡ ይቀዘቅዛል። ያ እርጥብ ጆንያ አፍንጫዬ ሥር ሲደርስ፣ የልጄ ጭንቅላት ክንዴ ላይ እንዳለ፣ እኔ ራሴ ልጅ ሆንኩ።

ስለ አባባ ተካ ካልነገርኳችሁ ከዚያ በኋላ ያደረግኩት አይገባችሁም።

ከቤታችን መጀመሪያ ወደ ጅቡቲ የወረደችው እናቴ ነበረች። ኤሮን በሚባለው የፈረንጆች ሰፈር፣ ከአንድ ግቢ እዚያው እያደረች ትሠራ ነበር። እዚያ ልጅ ይዞ መግባት አይቻልም። ሦስተኛ ክፍልን ስጨርስ፣ ክረምቱን ብቻ አይታኝ እንድመለስ፣ በድሮው ባቡር ከዘመድ ጋር ላኩኝ። ከባቡሩ ስወርድ በዓይኔ የፈለግኩት እናቴን ነው። የጠበቀኝ ግን ሽርጥ ያገለደመ ረጅም ሽማግሌ ነው፣ አንድ ከባድ ብስክሌት ተደግፎ።

«የእታገኝ ልጅ ነሽ?»

«አዎ። እናቴስ?»

«ሥራ ላይ ናት። ነገ በረዶ ስናደርስ ታያታለሽ።»

በረዶ ሲለኝ የማውቀው ክረምት የቆርቆሮ ጣራ የሚደበድበውን ነው። ወደ ሰማይ አየሁ። ደመና የለም። ሽማግሌው ጃጅተዋል አልኩ በሆዴ።

ከዚያ እጁን አንገቴ ላይ አሳረፈ። በመዳፉ ጀርባ፣ ጆሮዬ ሥር፣ ጥቂት ቆየና «ደህና» አለ። አፈርኩ። የባቡሩ አቧራ እላዬ ላይ ስለነበረ መታጠቤን የሚያጣራ መሰለኝ። በነጋታው ከመነሳቴ ያደረግኩት አንገቴን በሳሙና መፈግፈግ ነበር። በየቀኑ፣ በየደረስንበት ይነካኛል፤ እኔም በየማለዳው እፈገፍጋለሁ። ሚስቱ እትዬ ዘውዴ «ይህቺ ልጅ አንገቷን ልትልጠው ነው» ትል ነበር።

ክረምቱን ያረፍኩበት ቤታቸው ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ በጣውላና በቆርቆሮ የተሠራ ነው። አባባ ተካ የድሬዳዋ ሰው ነው። በወጣትነቱ ሐዲድ ሲጠግን ኖሮ ጅቡቲ ቀረ፣ በስተርጅናው በብስክሌት በረዶ ያመላልሳል። እኔ በቁልቢ ሥርዓት «አንቱ» ስለው ሳቀብኝ።

«ልጅት፣ ድሬ ላይ አንቱ የለም። አንተ በይኝ፤ ካልሆነ ከኋላዬ ሌላ ሽማግሌ ያለ መስሎኝ እዞርና እንወድቃለን።»

በማለዳ ወደብ አጠገብ ካለ የበረዶ ቤት እንሄዳለን። ሰዎቹ ረጃጅሙን በረዶ በሜንጦ እየጎተቱ ያወጡታል፣ በመጋዝ ይቆርጡታል። ጭስ የመሰለ ነገር ከላዩ ይነሳል፣ ግን ሲነኩት ያቃጥላል በብርድ። አባባ ተካ ሰጋቱራ ይነሰንስበታል፣ በእርጥብ ጆንያ ይጠቀልለዋል፣ በላዩ ሌላ ጆንያ፣ ከዚያ በገመድ ከኋላ ያስረዋል። ያ ሽታ፣ የጆንያው፣ የሰጋቱራውና የቀዝቃዛው ውሃ ሽታ አንድ ላይ፣ ለእኔ የጅቡቲ ሽታ እሱ ነው። እኔ ከፊት ብረቱ ላይ እቀመጣለሁ፣ ጀርባዬ ደረቱ ላይ፣ ትንፋሹ አናቴ ላይ። በረዶው ከባሕሩ የሚወጣ ይመስለኝ ስለነበር ጨው ጨው ይል እንደሆነ ሰርቄ ላስኩት። ምንም አይልም። ባሕሩ ጨዉን የት እንዳደረገው ጠየቅኩት። «አሳዎቹ ወሰዱት» አለኝ። ለብዙ ጊዜ አመንኩ።

ሲነዳ ጥላ ጥላውን ነው። ጠዋት በአንዱ ወገን፣ ከሰዓት በሌላው፤ የግንብ ጥግ፣ የሱቅ ታዛ ሥር፣ የቆመ አውቶብስ ጎን። ጥላ ካለቀበት ጥላ ወዳለበት በፍጥነት ይረግጣል። ልጆቹ «ባረፍ! ባረፍ!» እያሉ ይከተሉናል፣ በሶማልኛ በረዶ ማለት ነው። እሱም በሶማልኛ ይሳደባል፣ በአፋርኛ ሰላም ይላል፣ ከአሳ ሻጮቹ ጋር በዓረብኛ ይከራከራል፣ ጎማ ሲተነፍስበት ብቻ በአማርኛ ያማርራል። እኔ ጥላ ጥላውን ሲል ከፀሐይ ጋር የተጣላ መስሎኝ፣

«አባባ፣ ፀሐይን ምን አድርገሃት ነው የምትደበቃት?» አልኩት።

«እኔ ምንም አላደረግኳት። የወሰደችብኝ እሷ ናት» አለ። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ፀሐይን ሌባ ናት አልኩ።

አሳ ገበያውን፣ ሻይ ቤቶቹን ካዳረስን በኋላ መጨረሻ የምንሄደው ኤሮን ነው። እናቴ ያለችበት ግቢ የኋላ በር። ዘበኛው ሽማግሌ ሶማሌ ነው፣ «አዴር» እንለዋለን፣ አጎት እንደማለት። በሩን ሁለት ጊዜ ይመታል። እናቴ ትወጣለች፣ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች፣ በረኪና እየሸተተች። ሩጬ መጠምጠም እፈልጋለሁ፣ ግን በረዶው ይቀድማል። ጆንያውን ፈትታ፣ በረዶውን በሩ ሥር በመዶሻ ሰባብራ፣ በባልዲ ትሞላለች። እየሰባበረች ትጠይቀኛለች። በላሽ? ተኛሽ? እትዬ ዘውዴን ትታዘዣለሽ? ጨርሳ ባልዲውን ከማንሳቷ በፊት ሁለት እጇን ጉንጬ ላይ ታደርጋለች። በበረዶው የደነዘዘ እጅ ነው። ያን ብርድ እስከ ነገ ይዤው ልቆይ እሞክር ነበር፣ ጉንጬን ሳልነካ፣ ፊቴን ሳልታጠብ። አንገቴን ብቻ።

ከውስጥ «እታጉ!» የሚል የሴትዮዋ ድምፅ ይመጣል። እናቴ ትገባለች። በሩ ይዘጋል።

እኔ በልጅ ጭንቅላቴ አንድ ነገር ደመርኩ። በረዶው ትልቅ ከሆነ መሰባበሩ ይቆያል፣ እናቴም ትቆያለች። ትንሽ ከሆነ ቶሎ ያልቃል፣ እሷም ቶሎ ትገባለች። ስለዚህ መንገድ ላይ የሚንጠባጠበው እያንዳንዱ ጠብታ ከእናቴ ላይ የሚቀነስ ነው። አባባ ተካ አንድ ሻይ ቤት በር ላይ ቆሞ ሲያወራ እጅጌውን እጎትታለሁ። ወደ ኋላ ዞሬ አስፋልቱ ላይ የወደቁትን ነጠብጣቦች አያለሁ፤ ገና ሳያቸው ይደርቃሉ። «አባባ እንሂድ፣ እያለቀች ነው» እለዋለሁ። እሱ በረዶውን እንደ ሴት «እያለቀች» ማለቴ አፌ ያልተገራ መስሎት ይስቃል።

ከምሲኑ የባሰበት ቀን መጣ። ባሕሩ ዳር ያለውን ጥላ የሌለው መንገድ ይዘን ወደ ኤሮን ስንሄድ የኋላው ጎማ ፈነዳ። አባባ ተካ ብስክሌቱን ገልብጦ ሲለጥፍ፣ በረዶውን ግንቡ ሥር አስቀመጠው። ከጆንያው ሥር ውሃ ሲወርድ አየሁ። ጠብታ አይደለም፣ እንደ ክር ነው የሚወርደው። ሄጄ ላዩ ላይ ተጋደምኩበት። ፀሐይዋ እንዳታየው በደረቴ፣ በክንዴ፣ በቀሚሴ ሸፈንኩት።

«ልጅት፣ ተነሺ ከዚያ።»

«ይቀልጣል!»

«የሚያቀልጠው እቅፍሽ ነው። ሰው ትኩስ ነው።»

አልተነሳሁም። እንዴት ብሎ እቅፌ ያቀልጠዋል? እኔ ለማቆየት ነው ያቀፍኩት። ከዚያ በኋላ ያለውን በቁርጥራጭ ነው የማስታውሰው። ደረቴ ቀዝቅዞ ራሴ ግን ይነዳል። ብርድ ብርድ አለኝ። የቁልቢው ቤታችን በር ላይ ያለችውን ጊደር አየኋት፣ ባሕሩ ላይ ቆማ። የአባባ ተካ እጅ አንገቴ ላይ መጣ፣ እንደ ሁልጊዜው። ታጥቤያለሁ ልለው ፈለግኩ፣ ምላሴ አልታዘዘኝም። እጁ ግን እንደ ሁልጊዜው «ደህና» ብሎ አልተነሳም።

ጆንያውን ከበረዶው ላይ ገፈፈው። ራቁቱን ፀሐይ ላይ ተወው። እርጥቡን ጆንያ ከራሴ እስከ እግሬ ጠቀለለኝ፣ የቀለጠውን ውሃ በእጁ እየጨለፈ አናቴ ላይ አፈሰሰ። እኔ እናቴን ያፈሰሰብኝ መስሎኝ አለቀስኩ። እንባ ግን አልወጣኝም። ብስክሌቱ ላይ አስቀመጠኝና ረገጠ። እንደዚያ ሲረግጥ አይቼው አላውቅም። ጥላም አልፈለገ። ነፋሱ እርጥቡን ጆንያ ሲመታው ከውስጥ ቀስ በቀስ ቀዘቀዝኩ። እየረገጠ ያወራኛል፣ እያቋረጠ፣ ትንፋሽ እያጠረው።

«እንዳትተኚ። ስሚኝ። ከሐዲድ ሥራ አንድ ጓደኛ ነበረኝ፣ ከሁላችንም ጎበዝ። በረሃው መሃል ላቡ ደረቀ። ደህና ሆነ አልን። እሱም ደህና ነኝ፣ እንዲያውም በረደኝ አለ፣ ሳቀ። ለምሽት አልደረሰም። ላብ ያለውን ሰው አትፍሪለት። የደረቀውን ፍሪ። ገባሽ? በይ ገባኝ።»

«ገባኝ» አልኩ፣ ከኤሮን በር ስንደርስ። አንገቴን ነካ። እርጥብ ነበር። ያኔ ብስክሌቱን ግንቡ ላይ አስደግፎ ቁጭ አለና ራሱን በጉልበቱ መሃል ከተተ።

ከበረዶው የቀረው ጆንያው ውስጥ አብሮኝ የተጠቀለለ ስባሪ ብቻ ነበር፣ የሎሚ ያህል። በመዳፌ ይዤ ለእናቴ ዘረጋሁላት፣ በቃ አሁኑኑ ትገባለች ብዬ። እናቴ በረዶውን አላየችውም። ጆንያውን አየች፣ አባባ ተካን አየች፣ በበሩ ሥር ተቀምጣ አቀፈችኝ። ሴትዮዋ ተጣራች። አልተነሳችም። ደግማ ተጣራች። አዴር በሩን ከውጭ ገፍቶ ዘጋና ሴትዮዋን «የለችም» አላት በፈረንሳይኛ፣ እናቴ ከእሱ እግር ሥር ተቀምጣ እያለች። ክረምቱን ሙሉ ከእናቴ ጋር እንደዚያ ቀን የቆየሁበት የለም፣ በረዶ ባልነበረበት ቀን።

የደመርኩት ሁሉ ፈረሰብኝ። ልንሄድ ስንል አዴርን በምልክትና በቃረምኩት ሶማልኛ ጠየቅኩት፤ በረዶ ሳይኖር ቤቱ ዛሬ ምን ሊጠጣ ነው? ሳቀ። ወደ ውስጥ አሳየኝ። በኩሽናው በር ሁለት ነጫጭ ፍሪጆች ይታያሉ። ከዚያ በአትክልቱ ጥግ ያለውን ገንዳ አሳየኝ፣ ድመቶቹ የሚጠጡበትን። የበረዶው ሰጋቱራ ዙሪያውን ተበትኗል። ስንት ቀን እየሳሳሁ ያመጣሁትን ለድመት ትሰጠዋለች ብዬ በእናቴ ተቀየምኩ። ለሁለት ቀን አላናገርኳትም፣ ስትሰባብር ዝም ብዬ እቆማለሁ።

ሲገባኝ ልጅ ወልጄ ነበር። ያ ቤት አንድም ቀን በረዶ አላዘዘም። አባባ ተካ ከጭነቱ እየቆረጠ ወደዚያ በር የሚያመጣው እኔን ነበር። በረዶው በሩ እንዲከፈት ነው።

ዛሬ እኔም በብስክሌት ነው የምኖረው። ከምኖርበት ከአርሂባ ሰፈር በጠዋት እነሳለሁ፣ ወደማጸዳቸው ቤቶች እሄዳለሁ። ሚኒባሶቹ ጥግ የሚያስይዙኝን መታጠፊያ፣ አሸዋ ጎማ የሚውጥበትን ቦታ አውቃለሁ። መጀመሪያ ሰሞን «ሴት በብስክሌት፣ ሐበሻዋ አበደች» ያሉኝ የአርሂባ ሴቶች አሁን «እስቲ ይህን ይዘሽልኝ እለፊ» ይሉኛል። በተዘጋው የድሮ ጣቢያ ሳልፍ ቀስ እላለሁ። በኤሮን ያ ግንብ ከፍ ብሏል፣ የኋላው በር ተደፍኗል። እጄ በረኪና ይሸታል። አንዳንዴ ቆሜ እጄን ጉንጬ ላይ አደርጋለሁ። ትኩስ ነው፤ እንደ እናቴ አይሆንልኝም።

ይኸው እንግዲህ፣ የከባድ መኪናው ሥር ነን። ሾፌሩ ጠርሙስ ይዞ ረድኤትን ሊያጠጣት ጎንበስ አለ።

«አታጠጣት፣ ትን ይላታል። ጆንያውን ስጠኝ።»

«ጆንያውን? ቆሻሻ እኮ ነው እህቴ።»

«ስጠኝ።»

ከጀሪካኑ ላይ ገፈፈው። ልጄን ጠቀለልኳት፣ ራሷን፣ አንገቷን፣ ብብቷን። ውሃውን አፈሰሰልኝ። መንገዱን አየ፤ መኪና የለም። የራሱን መኪና አየ፤ ከፊትም ከኋላም ታግዷል።

«ሐኪም ቤት በብስክሌት እወስዳታለሁ» አልኩት። «ነፋስ ያስፈልጋታል።»

«እኔ ልርገጥልሽ እንዳልል፣ ሃያ ሁለት ጎማ ነው የምነዳው፤ ሁለት ጎማ ግን እግዜር አልፈቀደልኝም።» እየቀለደ ከጭነቱ ላይ ገመድ ይፈታል። «ማን ይባላል ስሟ?»

«ረድኤት።»

«ስሟን እየጠራሽ ሂጂ። እኔ ከኋላሽ በእግሬ እመጣለሁ። መኪና ካገኘሁ እደርስብሻለሁ።»

እኔ ኮርቻ ላይ ሆንኩ፣ እሱ ረድኤትን ከኋላዬ አስቀመጣት፣ በነጠላዬና በጭነት ገመዱ ከጀርባዬ ጋር አሰራት። ጥያት ከመጣሁ ወዲህ አዝያት አላውቅም ነበር። ጠርሙሱን እጄ ላይ አደረገልኝ፣ ጆንያው ሲደርቅ እንዳረጥበው።

ረገጥኩ። ፀሐይ አናት ላይ ናት፣ ለማንም ጥላ አትሰጥም። አባባ ተካ ጥላ በሌለበት ምን ያደርግ ነበር? ይረግጥ ነበር። ያወራ ነበር። እኔም አወራሁ።

«ረድኤት፣ እንዳትተኚ። ጎመኑን ማን ያጠጣል?»

ዝም።

«እማዬ ናት የምታጠጣው? ቁልቢ ዘንቧል እኮ፣ ዝናብ ያጠጣዋል። በረዶ ጥሏል? ቆርቆሮውን ሰማሽው?»

ዝም። ጆንያው ላይ ውሃ ደፋሁ፣ ጀርባዬ ላይ ወረደ። ነፋሱ መታን። እግሬ አይሰማኝም። አምላኬ፣ አንድ ጊዜ ብቻ በሩን ክፈትልኝ አልኩ፣ ምን አመጣልሃለሁ፣ በረዶ የለኝም።

በከተማው መግቢያ ያሉት የአምቡሊ ዛፎች ከሩቅ ሲታዩኝ፣ ቀሚሴ ከጎን ተጎተተ። በጣት ጫፍ አይደለም። ሙሉ እጅ ነው፣ ጨምድዶ የያዘ።

«በረደኝ» አለች።

የአባባ ተካ ጓደኛም በረደኝ ብሎ ነበር። እጄን ወደ ኋላ ላክሁ፣ ጆንያው ሁሉን ስላራሰው ላቧን ከውሃው መለየት አልቻልኩም። አልቆምኩም። ከዛፎቹ ጥላ ስገባ ነው የአምቡሊን ጤና ጣቢያ በር ያየሁት፣ ዘበኛው ወንበሩን ገፍትሮ ሲነሳ።

ነርሷ ገመዱን በመቀስ ቆረጠችው። «አባዮ፣ ልቀቂያት፣ ልቀቂያት» አለችኝ፣ እህቴ እንደማለት፤ እኔ ነኝ የያዝኩት ለካ። ጆንያውን ማን እንዲህ እንዳደረገ ጠየቀች። እኔ ነኝ አልኳት። ራሷን ነቀነቀችና አልጣለችውም፣ እዚያው ቧንቧ ሥር አርሳ መለሰችላት። ጉሉኮስ ተከሉላት። የነፋስ ማራገቢያውን ወደ አልጋው አዞሩት። እኔን ግድግዳው ሥር አስቀመጡኝ፣ ውሃ ሰጡኝ።

ቆይቶ ሾፌሩ መጣ። አንድ ፒክአፕ አግኝቶ፣ መንገድ ላይ ሲያጣን እስከ ከተማ ድረስ ፈልጎን ተመልሷል። በር ላይ ቆሞ ወደ ውስጥ አንገቱን አሰገገ።

«ጆንያዬን ልወስድ ነው የመጣሁት» አለ፣ ዓይኑን እየጠረገ።

ነርሷ እርጥቡን ጆንያ አንስታ ገላዋን ካደረቀችላት በኋላ ረድኤት ንጹሕ አንሶላ ለብሳ ተኛች። እኔ ከቧንቧው ቀዝቃዛ ውሃ እጄን ነከርኩ፣ እስኪደነዝዝ አቆየሁትና ጉንጯ ላይ አደረግኩት። ዓይኗን ገለጠች። እያየችኝ ነው፣ እኔን ነው የምታየው። እጄን አደረቅኩና አንገቷን ነካሁት፣ በመዳፌ ጀርባ፣ ጆሮዋ ሥር፣ ጥቂት ቆየሁ።

እርጥብ ነው። ከፀጉሯ ሥር ላብ ይወርዳል።

ፊቷ በሐፍረት ተሸበሸበ። «ታጥቤ ነው እኮ የመጣሁት፣ እማዬ ጅቡቲ» አለችኝ።

«አውቃለሁ» አልኳት። «አውቃለሁ የኔ እናት።»

ብስክሌቱ ውጭ ዛፉ ሥር ተደግፏል። ልጄ ተርፋለች። ደርሰናል።